ላጎን የት ነው? የፑሽኪን ቅድመ አያት የትውልድ ቦታ በመዛግብት ሲፈተሽ

በ1742 የሬቫል ከተማ የጦር አዛዥ ለሩሲያዋ ንግሥት ለኤልሳቤጥ ማመልከቻ ጻፈ። ሬቫል ዛሬ ታሊን የምትባለው የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ናት። አዛዡ ሜጀር ጄኔራል አብራም ፔትሮቪች ጋኒባል ይባላል። አፍሪካዊ ነው። የጠየቀው ከመኳንንት ወገን መሆኑ እንዲታወቅለትና የቤተሰብ አርማ እንዲሰጠው ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ትውልዱ የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። በግርድፉ እንዲህ ይላል፦ ትውልዴ አፍሪካ ነው፤ ከዚያው አገር መኳንንት ወገን ነኝ። የተወለድኩት በአባቴ ግዛት፣ ላጎን በተባለ ከተማ ነው። አባቴ ከዚህ ሌላ ሁለት ከተሞች ነበሩት። በ1706 በልጅነቴ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ ከሳቫ ቭላዲስላቪች ጋር ከቁስጥንጥንያ ወደ ሩሲያ መጣሁ።

በቃ። የአገር ስም የለም። የአባት ስም የለም። ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ቋንቋው አንድም ቃል አልተነፈሰም።

ይህ ሰው የሩሲያው ባለቅኔ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት ነው። አብራም ኦሲፕን ወለደ፤ ኦሲፕ ናዴዥዳን ወለደ፤ ናዴዥዳ በ1799 ባለቅኔውን ወለደች። እኛ ደግሞ ፑሽኪንን «የኛ ልጅ» ካልነው ቆይተናል። አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ በስሙ ተሰይሟል። «ፑሽኪን ላይ ወራጅ አለ» የሚል ተሳፋሪ ግን ስለ ላጎን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። አስመራም በበኩሏ በ2009 ሐውልት አቁማለታለች።

ጉዳዩን ለጥናት የመረጥኩት የቤተሰቡን ታሪክ የሚፈልግ ሰው የሚገጥመው ጣጣ በሙሉ እዚህ ስላለ ነው። የመንግሥት ወረቀት ላይ የሰፈረ የማይሆን ነገር አለ። የተቃጠለ ማስታወሻ አለ። አማች የጻፈው የሕይወት ታሪክ አለ። መልሱን አስቀድሞ ይዞ የመጣ ምሁርም አለ። ሁሉም የሚዞሩት በአንድ የከተማ ስም ዙሪያ ነው።

ከማመልከቻው በፊት የነበሩ ወረቀቶች

በመጀመሪያ ማመልከቻውን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር እናስተያየው። 1706 ይላል። የሩሲያ የውጭ ጉዳይ መዛግብት ግን ጥቁር ልጆች ከቁስጥንጥንያ ሞስኮ የደረሱት በ1704 መሆኑን ያሳያሉ። ያመጣቸው ሳቫ ቭላዲስላቪች ራጉዚንስኪ ነጋዴ ነው፤ የታላቁ ጴጥሮስም ጉዳይ ፈጻሚ ነበር። ልጆቹ ተገዝተው የመጡ ናቸው። ታዲያ «በገዛ ፈቃዴ» ከየት መጣ? መልሱ ብዙ አያስቸግርም። የመኳንንት ማዕረግ የሚለምን ጄኔራል «ገበያ ላይ ተገዝቼ መጣሁ» ብሎ አይጽፍም። ወረቀቱ የተጻፈው ለጥቅም ነው። ስለዚህ ጥቅሙን የሚነካው ቦታ ላይ ጠንቀቅ ብሎ ማንበብ ይገባል። «መኳንንት» የሚለውም እዚያው ውስጥ ይገባል።

«ላጎን» የሚለው ግን ሌላ ነው። ይህ ስም ለአመልካቹ ምንም አይጠቅመውም። ንግሥቲቱ ላጎንን አታውቀው፣ መሥሪያ ቤቱ አያውቀው። ልዋሽ ቢል የሚያስደምም ስም አያጣም ነበር። ከትዝታው ያወጣው ስም ይመስላል። እኔ በማመልከቻው ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንኑ ቃል ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ የጥምቀቱ ነው። ልጁ ቪልኒየስ ውስጥ በቅድስት ጰራስቅዌ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ክርስትና ያነሳውም ራሱ ጴጥሮስ ነው። «ፔትሮቪች» የሚለው ስም ከዚያ የመጣ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይህ በ1705 መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አለ። ድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ደግሞ ሰው ቶሎ ያምናል። ነገር ግን ጽሑፉ አፍሪካዊውን «የዝነኛው ባለቅኔያችን የፑሽኪን አያት» ይለዋል። ባለቅኔው ዝነኛ ከሆነ በኋላ የተጻፈ መሆኑ ከዚህ ብቻ ይታወቃል፤ በዚያ ላይ አንድ ትውልድ ዘሏል። ዘመኑን ያልኖረ ሰው የጻፈው ነው እንጂ የጥምቀት መዝገብ አይደለም። የመቃብር ድንጋይ ላይና የቤተ ክርስቲያን ምረቃ ሰሌዳ ላይ ያለን ዓመት ሳይጠይቁ ለሚገለብጡ ይህ ጥሩ ማስታወሻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይበዛል። በ1717 ፈረንሳይ ሄደ። በላ ፌር የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማረ። በጦርነት ራሱ ላይ ቆሰለ፤ በ1723 ተመለሰ። በ1726 ስለ ጂኦሜትሪና ስለ ምሽግ ሥራ ያዘጋጀውን የእጅ ጽሑፍ ለንግሥት ካትሪን አበረከተ። በ1727 የቤተ መንግሥቱ ኃያል ሹም ሜንሺኮቭ ወደ ሳይቤሪያ አባረረው። ደብዳቤው፣ የደመወዝ ጥያቄው፣ የፍቺ ክርክሩ፣ የርስት ስጦታው ሁሉ አለ። በቀድሞዎቹ ወረቀቶች ላይ ግን ስሙ «አብራም» ወይም «አብራም ፔትሮቭ» ነው። ጋኒባል የሚለው ስም የመጣው ዘግይቶ ነው። በጋኒባል ስም ብቻ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው የሰውየውን ወጣትነት በሙሉ ያጣዋል ማለት ነው። እኛም አገር አያቱን በክርስትና ስሙ የሚፈልግ ሰው በዓለም ስሙ የተመዘገበውን፣ በፈረስ ስሙ የተጠራውን ሲያልፈው ይውላል።

እንግዲህ የመጣበት አገር ማኅደር ሙሉ ነው። የተነሳበት አገር ማኅደር ባዶ ነው። አብዛኛው የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የሚያናድድ ነገር ልጨምር። ሰውየው የራሱን ታሪክ በፈረንሳይኛ ጽፎ ነበር። ፑሽኪን እንደሚተርከው ግን ድንገት ፍርሃት ያዘውና ማስታወሻውን ከሌሎች ውድ ወረቀቶቹ ጋር እዚያው ፊቱ አስቃጠለው። በሩሲያ ቤተ መንግሥት የተገለባበጠውን ላየ፣ ሳይቤሪያንም ለቀመሰ ሰው ፍርሃቱ ይገባኛል። በደርግ ጊዜ ሌሊት ጓሮ ላይ ወረቀት ያቃጠሉ ቤተሰቦችም አሉን። የተቃጠለው ውስጥ አንዲት የአባት ስም ብትኖር ኖሮ ይህ ጥናት በአንድ ገጽ ያልቅ ነበር።

አማቹ የጻፈው

ጋኒባል በ1781 ሞተ። ከዚያ በኋላ በጀርመንኛ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ብቅ አለ። የልጁ ባል፣ ሮትኪርክ፣ የጻፈው ነው ተብሎ ይታመናል። አቢሲኒያ የሚለውን ስም የምናገኘው እዚህ ነው። ሰውየው ራሱ በጻፈው ማመልከቻ ውስጥ ያልነበረ አገር፣ ከሞተ በኋላ አማቹ በጻፈው ውስጥ ተገኘ። አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

የአማቹ ጽሑፍ በጣም ይነበባል። ጋኒባል የጥንቱ የካርታጎ ጦር መሪ የሀኒባል ቀጥተኛ ዘር ነው ይላል። አባቱ ኃያል ገዢ ነው፤ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ሚስቶች አሉት። ከቱርኮች ጋር ይጣላል። ልጁም በመያዣነት ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ይደርሳል። ላጋን የምትባል እህቱ መርከቡን እየዋኘች ተከተለችው፤ ሰጠመች። እንባ የሚያስመጣ ነው። ግን የሀኒባሉን ነገር የማናምን ከሆነ ቀሪውንም በወንፊት ማሳለፍ አለብን።

ይህ ጽሑፍ ከቤተሰቡ ወረቀት ጋር በጋኒባል ልጅ በፒዮትር እጅ ነበር። ፒዮትር የፑሽኪን አያት ወንድም ነው። ፑሽኪን ከሽማግሌው ሰማ፤ ወረቀቱንም አገኘ። በ1825 ባሳተመው ግጥም ግርጌ ስለ ቅድመ አያቱ ማስታወሻ አኖረ። እዚያ ላይ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞች አሉ፤ እጃቸውን የኋሊት ታስረው ወደ አባታቸው ይቀርባሉ። ትንሹ አብራም ብቻ ነፃ ነው፤ በአባቱ ቤት ፏፏቴዎች ሥር ይዋኛል። እህቱ ላጋንም ከሩቅ እየዋኘች ትከተለዋለች።

ይህን ስንመዝን ትዝታውን ከማብራሪያው መለየት ይጠቅማል። የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል? የእህቱን ስም ያስታውሳል። ውሃ ውስጥ መዋኘቱን ያስታውሳል። የከተማውን ስም ያስታውሳል። አባቱ የየትኛው መንግሥት ገባር እንደነበር ግን አያውቅም። ያንን የሚሞላው ትልቅ ሰው ነው፤ ያነበበ ሰው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ «ጥቁር ንጉሥ» ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የአቢሲኒያው ነው። ስለዚህ አማቹ ለጥቁር ልዑል አገር ቢፈልግለት አቢሲኒያን መምረጡ አያስገርምም። ሆን ብሎ ዋሽቷል አልልም። የጎደለውን በሚያውቀው ሞላው።

ሐማሴን ላይ ሲፈተሽ

በ1899 የፑሽኪን ልደት መቶኛ ዓመት ሲከበር አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ የሥነ ሰብ ምሁር ላጎንን ፍለጋ ካርታ ዘረጋ። ከመረብ ማዶ፣ በዛሬዋ ኤርትራ፣ ሐማሴን ውስጥ ሎጎ የሚባል አካባቢ አገኘ። «ይኸው ላጎን» አለ። የባሕረ ነጋሽ አገር ነው፤ ምጽዋም ቱርክ አለ። ነገሩ ተያያዘ፤ ከዚያ ወዲህም ለብዙ ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ላይ የቆየው ይህ ነው።

አኑቺን ወደዚያ ያዘነበለበትን ምክንያት ግን በዝምታ ማለፍ አይቻልም። በዘመኑ የዘር አስተሳሰብ መሠረት «ኔግሮ» የሚባለው ሰው እንዲህ ያለ ባለቅኔ ሊወጣለት አይችልም። አቢሲኒያውያን ግን «የተሻሉ» ተብለው ተመድበው ነበር። ስለዚህ አብራም አቢሲኒያዊ መሆን ነበረበት። እኛ ደስ ብሎን የተቀበልነው የዘር ሐረግ አንዱ ምሰሶው ለሌላው አፍሪካዊ ያለ ንቀት ነው። ይህን አውቆ መቀበልና ሳያውቁ መቀበል አንድ አይደለም።

ያም ሆኖ ምሁሩ የተነሳበት ሐሳብ ስለጠመመ ቦታው ስህተት ነው ማለት አይደለም። በራሱ መፈተሽ አለበት። አብራም ተወለደ በሚባልበት በ1690ዎቹ ጎንደር ላይ የነበሩት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው፤ ከ1682 እስከ 1706 ገዝተዋል። ደገኛው ሐማሴን ለቱርክ የሚገብር አገር አልነበረም። ቱርክ የያዘው ምጽዋንና ሕርጊጎን ነው። ሠላሳ ሚስት ያለው የደጋ ክርስቲያን ገዢ ማግኘትም ይከብዳል፤ ቅምጥ ብንል እንኳ ቁጥሩ በዛ። ከባሕር ዳርቻ ሙስሊም ሹማምንት አንዱ ነው ከተባለ ደግሞ ሎጎ ቦታው ደጋ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚከነክነኝ የማመልከቻው ዝምታ ነው። ልጁ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ባላባት ልጅ ቢሆን በአርባ ቀኑ ተጠምቋል ማለት ነው። ኦርቶዶክስ ንግሥት ፊት ማዕረግ ሲለምን «ከክርስቲያን መኳንንት ነው የተወለድኩት» ማለት ትልቅ ድጋፍ ይሆነው ነበር። አላለም። «አፍሪካ» ብሎ አለፈ።

ደግሞ ሐማሴን ባዶ ሜዳ አይደለም። ስዊድናዊው ዮሐንስ ኮልሞዲን የጸዓዘጋንና የሓዘጋን ትውፊት ከሽማግሌዎች ሰብስቦ ጽሑፉን በትግርኛ በ1912 ሮም ውስጥ አሳትሟል። እዚያ ውስጥ የሐማሴን ቤቶች ሐረግ፣ ጠቡ፣ ጋብቻው፣ የመሬቱ ጣጣ ተዘርዝሯል። የገዳማቱ ወንጌሎች ኅዳግ ላይም የጉልት ስጦታና የምስክሮች ስም ይገኛል። ሎጎን የሚደግፍ ሰው መጀመሪያ ማገላበጥ ያለበት እነዚህን ነው። አኑቺን ካርታ ላይ ስም አገኘ፤ የሎጎን ሽማግሌ አልጠየቀም።

ቻድ ሐይቅ አጠገብ

ደራሲው ቭላዲሚር ናቦኮቭ በ1964 ባሳተመው የፑሽኪን ግጥም የእንግሊዝኛ ትርጉም መጨረሻ ላይ ስለ ጋኒባል ረጅም ምርመራ አለ። የቆዩ የአቢሲኒያ ተጓዦችን ጽሑፍ በርብሯል። የአማቹን ተረክ አንድ በአንድ አፍርሷል። መሃል ላይ፣ ልጁ ምናልባት ከቻድ ሐይቅ በስተ ደቡብ ካለው ከላጎና አካባቢ ቢሆንስ ብሎ መገመት ጊዜ ማባከን ነው የሚል ነገር ጣል አድርጎ አለፈ። እንዲህ ያለ የሚያናድድ ዕድል በጥናት ዓለም ይገጥማል። ሰውየው በሩን ነክቶ ሄደ።

በሩን የከፈተው ቤኒናዊው የስላቭ ጥናት ምሁር ዲዮዶኔ ኛማንኩ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የራሱን መልስ አቀረበ፤ ላጎን ማለት ሎጎኔ-ቢርኒ ናት አለ። ዛሬ በሰሜን ካሜሩን፣ በሎጎኔ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ የኮቶኮ ሕዝብ የቆየች የንጉሥ ከተማ ናት። የአውሮፓ ተጓዦችም ያውቋታል፤ ዴንሃም በ1824፣ ባርት በ1852 ደርሰውባታል። ገዢ ያላት፣ የታጠረች ከተማ ነበረች። ቻድ ሐይቅ አጠገብ ከነበረው ከቦርኑ መንግሥት በፌዛን አድርጎ ትሪፖሊ የሚወጣው የባሪያ ንግድ መንገድም ይታወቃል። ትሪፖሊ ደግሞ የኦቶማን ነበረች።

ለኔ የኛማንኩ ብርታት ስሙ መግጠሙ ብቻ አይደለም። ማመልከቻው «ከተማ» ይላል፤ ሎጎኔ ከተማ ናት፤ ሎጎ ወረዳ ነው። ውሃውም አለ፤ በወንዝ ዳር ያደገ ልጅ ይዋኛል፤ በጀልባ የሚወሰድ ወንድሟን እህቱ ልትከተል ትችላለች። የሕዝቡ ቋንቋ ላግዋን ይባላል፤ የእህቱን ስም ላጋንን ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድካሙም አለው። የአማቹ «ቱርክ» ሎጎኔ ላይም አይሠራም፤ ሎጎኔ የተጠጋችው ለቦርኑ ነው። የዴንሃምና የባርት ምስክርነት አብራም ከተወሰደ ከመቶ ዓመት በላይ በኋላ የመጣ ነው። በጋኒባል አርማ ላይ ዝሆንና ፉሞ ተብሎ የሚነበብ አምስት ፊደል አለ። ኛማንኩ ይህን የኮቶኮ ቃል ነው ይላል፤ የላቲን ዐረፍተ ነገር ምህጻር ነው የሚሉም አሉ። እኔ በአርማ ላይ ክርክር መገንባት አልወድም። ዝሆን ከቻድ እስከ ጋሽ ድረስ ነበር።

ተከራካሪ የሌለው ሐረግ

እኛ አገር ርስት የሚጠይቅ ሰው ሐረጉን ሲቆጥር ብቻውን አይቆጥርም። ፊቱ የሚከራከረው ዘመድ ተቀምጧል። ሽማግሌ ተቀምጧል። «እሷ የወለደችው ሦስት ነው፣ አራተኛውን ከየት አመጣኸው?» የሚል አይጠፋም። ያ ጭቅጭቅ የሰውን ዕድሜ ይበላል፤ ግን ሐረጉን ያጠራዋል። መሬት የሚነጥቅህ ሰው ስህተትህን አያልፍልህም። በርስት ክርክር የተረፈ የትውልድ ቆጠራ፣ ፍርድ ቤት የተገለበጠም ይሁን በቃል የቆየ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ከሚነገር የዘር ውዳሴ የሚበልጠው ለዚህ ነው።

የጋኒባል ማመልከቻ ግን ተከራካሪ አልነበረውም። ሬቫል ውስጥ ላጎንን የሚያውቅ ማን ነበር? አማቹም ሲጽፍ «አይ፣ ተሳስተሃል» የሚል ዘመድ ከአፍሪካ አልመጣበትም። ክርክሩ የመጣው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በምሁራን መካከል ነው። የሚከራከሩትም የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የካሜሩን ክብር ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው።

የራሱን ቤተሰብ ወረቀት ለሚደረድር ሰው ከዚህ ጉዳይ የምወስደው አሠራር አንድ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ጎን ላይ ማን ጻፈው፣ ከማን ሰምቶ፣ ምን ፈልጎ፣ ነገሩ ከሆነ ከስንት ዓመት በኋላ የሚለውን ማስፈር። ማመልከቻው፦ ራሱ፣ ከትዝታው፣ ማዕረግ ፈልጎ፣ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ። የሕይወት ታሪኩ፦ አማች፣ ከቤተሰብ ወሬ፣ የቤተሰቡን ክብር ፈልጎ፣ ሰማንያ ዓመት ያህል ቆይቶ። የቪልኒየሱ ጽሑፍ፦ የማያውቀው ሰው፣ ፑሽኪን ከገነነ በኋላ። ከዚያ በኋላ ዘር ማውጣት ይቻላል። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው፣ ማለትም ዛፉን ከመሳል ነው። ዛፉ ደግሞ ያምራል፤ አንዴ ተስሎ ሳሎን ከተሰቀለ ማን ያወርደዋል?

እኔ የልደት ቦታ የሚል ባዶ መስመር ቢሰጠኝ «ላጎን፣ አፍሪካ» ብዬ እሞላለሁ። በእርሳስ ደግሞ ጎኑ ላይ «ሎጎኔ-ቢርኒ ይመስላል» እላለሁ። አቢሲኒያን የምጽፈው «አማቹ እንዳለው» ብዬ ነው።

የሚቀረው የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ለዚያም ፑሽኪን ራሱ አይረዳም፤ ከአብራም የሚወለደው በእናቱ በኩል ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚወርደውን ምልክት ለማየት ከአብራም ወንዶች ልጆች በወንድ መስመር ሳይቋረጥ የወረደ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ውጤቱ ሐማሴንን ከቻድ ሐይቅ ሊለይ ይችል ይሆናል። የከተማዋን ስም ግን አይነግረንም፤ ለእሱ አሁንም ያለን የ1742ቱ ማመልከቻ ነው።